የትልቁ ጠርሙስ ዋጋ፤ ለውይይት የቀረበ አስተያየት

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው አጀንዳ ሥር ገንዘብ ያዣችን የእንቁጣጣሽን በዓል ወጪ ሲያነብ አንድ መስመር ላይ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢራ፣ ትልቅ ጠርሙስ፣ ሁለት፣ 44 ዶላር።» ከዚያ ወዲህ ለአርባ ደቂቃ ያህል የተካሄደው ክርክር በቃለ ጉባኤው ላይ በሁለት መስመር ብቻ ሰፍሯል። ሰዓቱ አልፎ ስለ ነበር ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያው ድረስ አስተያየቴን በዚህች መጽሔታችን ማስፈር ይሻላል ብዬ ስላመንሁ ይህን ጽፌአለሁ። ተቃውሞ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም መልሱን ይስጥ።

«ይህን ሁሉ ችግር ተሸክመን ስለ ቢራ ጠርሙስ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው ስለ ትልልቁ ጉዳይ ስንናገር ሁላችንም አንድ ነን፤ የምንለያየው ሒሳብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ ልጀምር።

በመጀመሪያ ትልቁ ጠርሙስ የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ተራው የቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ትልቁ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ያህል ሆኖ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ 650 ሚሊ ሊትር የሚሆን የራሳቸው መጠን አላቸው። ቤልጂጎች ብዙውን ጊዜ በወፍራም ጠርሙስ ሞልተው፣ በቡሽ ደፍነው፣ ቡሹን በሽቦ ያስሩታል። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ቢራው ሊታሸግ ሲል እርሾና ጥቂት ስኳር ስለሚጨመርበት ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላል፤ ግፊቱን ስስ ጠርሙስ አይችለውም። እንግዲህ ከምንከፍለው ዋጋ ውስጥ የመስተዋቱና የቡሹ ድርሻ እንዳለበት አምኖ መነሣት ተገቢ ነው።

ክራፍት ቢራ የሚባለውም፣ በአጭሩ፣ ታላላቅ ፋብሪካዎች ሳይሆኑ ትንንሽ ጠማቂዎች በራሳቸው ዘዴ የሚጠምቁት ነው። በአሜሪካ አገር በ1976 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ኒው አልቢዮን ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነበር። እዚህ ሊባኖስ ከ1933 ጀምሮ የምናውቀው አልማዛ አለ፤ ትንንሾቹ የመጡት ግን በቅርቡ ነው። የአገሪቱን የስልክ መለያ ቁጥር ስም አድርጎ የወሰደው «961» የተመሠረተው በ2006፣ ያ ጦርነት በሆነበት ዓመት ነበር። በባትሩን ከተማ ባሕር ዳር ያለው «ኮሎኔል» ደግሞ በ2014 ተከፈተ። አገሩ የሚጠምቀው እያለ ከአውሮፓና ከአሜሪካ በመርከብ ለመጣ ጠርሙስ 22 ዶላር መክፈላችን ራሱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለጊዜው ልለፈው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 750ን ለ330 ብናካፍለው 2.27 ይወጣል። ይህቺን ቁጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል። አንድ ዓይነት ቢራ በትንሹም በትልቁም ጠርሙስ የሚሸጥ ከሆነ፣ ትንሹ 4 ዶላር ቢሆን ትልቁ በልኩ 9 ዶላር ከ9 ሳንቲም መሆን ነበረበት። ለቡሹና ለመስተዋቱ ብለን ብንጨምር 11 ዶላር እንበል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለጠርሙሱ ቁመት ነው። ሺሜ የሚባለውን የቤልጂግ መነኮሳት ቢራ እንውሰድ፤ ባለ ሰማያዊ ምልክቱ ትንሹ ጠርሙስና «ግራንድ ሬዘርቭ» የሚል ስም የተሰጠው ትልቁ ጠርሙስ የያዙት አንድ ዓይነት ቢራ ነው። ስሙን ያየ ሰው ሌላ መጠጥ ይመስለዋል። በየሱቁ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ለ2.27 አባዙ።

ይሁንና በሊትር ብቻ መመዘን የተሟላ አይደለም። ጥንካሬውም ይታሰብ። ሺሜ ሰማያዊው 9 ከመቶ አልኮል አለው። ትልቁ ጠርሙስ እንግዲህ 67.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል ማለት ነው፤ 5 ከመቶ የሆነ ተራ ቢራ በትንሹ ጠርሙስ 16.5 ይይዛል። አንዱ ትልቅ ጠርሙስ አራት ተራ ቢራ ያክላል። ይህ ስሌት ዋጋውን በጥቂቱ ይከላከልለታል፤ በዚያው መጠን ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የሚገባ አለመሆኑን ያስረዳል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም፤ ጋዙ ይወጣል፣ ይበላሻል። ትልቁ ጠርሙስ በተፈጥሮው የጋራ መጠጥ ነው። እኔም የምወደው ለዚህ ነው፤ አልደብቅም።

በእንቁጣጣሽ የተገዙት ሁለቱ ጠርሙሶች ምን ነበሩ? አንደኛው ከብራስልስ አካባቢ የሚመጣው «ጎዝ» የሚባለው ነው። ይህ ቢራ የሚሠራው ላምቢክ ከሚሉት መጠጥ ነው፤ እርሾ አይጨመርበትም፤ ትኩሱ ጭማቂ በሰፊ ገበታ ላይ ፈስሶ ሲያድር ከአየሩ በሚያገኘው እርሾ ይፈላና በእንጨት በርሜል ለዓመታት ይቀመጣል። ከዚያ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተደባልቆ ይታሸጋል። የሦስት ዓመት የበርሜል ኪራይ፣ የተበላሸ በርሜል ኪሣራ፣ የሰው ድካም አለበት። ዋጋው ቢወደድ ምክንያት አለው። የኛ ሰው ግን ቀመሰውና «ኮምጣጤ ነው» አለ። ግማሹ ወደ ማጠቢያ ፈሰሰ። ገዢው ወንድማችን ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የታየው ነገር ቢራውን ከመቅመስ የበለጠ አሳዘነኝ።

ሁለተኛው የአሜሪካ አይ.ፒ.ኤ. ነበር። በዚህ ላይ አቋሜ የማያሻማ ነው። የዚህ ቢራ ዋናው ነገር የሆፕስ መዓዛ ነው፤ ሆፕስ ለፈረንጅ ቢራ እንደ ጌሾ ለጠላ መሆኑ ነው፤ ተክሉ ሌላ፣ ተግባሩ ግን መራራ ማድረግ። ያ መዓዛ በጊዜና በሙቀት ይጠፋል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የታተመውን ቀን ሳነበው ከታሸገ አሥር ወር ሆኖታል፤ ባሕር ተሻግሮ፣ የቤይሩትን በጋ በሱቅ መስኮት አጠገብ አሳልፎ ነው የደረሰን። 22 ዶላር የከፈልነው ለቀዘቀዘ ትዝታ ነው። እንዲህ ያለውን ቢራ ከጠማቂው ደጃፍ ወይም በትኩስነቱ ካላገኙት ትልቁንም ትንሹንም መተው ይሻላል። ቡናማ ያልሆነ ጠርሙስ ብርሃን ላይ ከቆመ ደግሞ ሽታው ይለወጣል፤ ይህን ማንም በአፍንጫው ሊያረጋግጥ ይችላል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቢራው ነው። አሁን ስለ እኛ።

በዓሉን ያከበርነው መስከረም 1 ቀን ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ በዋለው እሑድ ነበር፤ በየቤቱ የሚሠሩ እኅቶቻችን ዕረፍት የሚያገኙት፣ የሚያገኙትም ካሉ፣ በዚያ ቀን ብቻ ስለ ሆነ። ዶሮ ወጡን የሠሩት እነርሱ ናቸው። እኛ ያቀረብነው አዳራሹንና መጠጡን ነው። ከመካከላቸው አንዷ፣ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት የቆየች፣ ባዶውን ጠርሙስ አንሥታ እያገላበጠች «ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ሳቀች። «እኔ መጀመሪያ ስመጣ ደመወዜ በወር 150 ዶላር ነበር» አለችና ጠርሙሱን በጥንቃቄ መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ አልወቀሰችንምም። ሰኔ 2020 (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን ማለቴ ነው) አሠሪዎቻቸው ከቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ አምጥተው የጣሏቸውን እኅቶች ያየን ወይም የሰማን ሁሉ 150 ዶላር ምን እንደሚገዛ፣ ሳይከፈል ሲቀርም ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን።

ይህን ያነሣሁት «በድኻ ፊት አትጠጡ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ስብከት አልወድም፤ እርሷም የጠየቀችኝ ለዚህ አይደለም። እርሷ ራሷ በቤቷ ጠላ ትጠምቃለች፤ ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን ከአገር አስልካ። ክራፍት ቢራ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ልዩነቱ የእርሷ ማሰሮ ሲከፈት ማንም ዋጋ ጠይቆ አለማወቁ ነው።

የበለጠ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ እሑድ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወንድማችን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ «ፈተና አለብኝ» ብሎ ወጣ። በሴፕቴምበር አጋማሽ ምን ፈተና እንደሚኖር ጠይቄ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አግኝቼው ስናወራ እውነቱ ወጣ። ጠርሙሶቹ ሲቀርቡ አንዱ «ሂሳቡን ለሁላችን እናካፍል» ሲል ሰምቶ ነው። በኪሱ የነበረው 6 ዶላር ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚያደርሰው። የኋላ ኋላ ወጪው ከኅብረቱ ሣጥን እንደ ተከፈለ አላወቀም። ከዚያ ወዲህም በሁለት ስብሰባ አልመጣም። ጓዶች፣ ይህን ልጅ ያጣነው በአቋም ልዩነት አይደለም።

በሊባኖስ ከ2019 ወዲህ የሆነውን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስታውስ። ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተተምኖ ይኖር ነበር፤ በ2023 ገበያው ወደ 90,000 ሊራ ተጠጋ። የሱቁ ዋጋ ሁሉ ወደ ዶላር ዞረ። ከቤቱ በዶላር የሚላክለትና የማይላክለት ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው በሁለት አገር እንደሚኖሩ ሆኑ። አራት ዓመት አብረው የተማሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋጋው አይታየውም። 22 ዶላር የከፈለው ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያስደስተን ነው የፈለገው። ግን የደስታው መለኪያ የራሱ ኪስ ነበር።

በስብሰባው ላይ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ብርቱው «ተማሪ ሆነን ዓለምን ካልቀመስን መቼ ልንቀምስ ነው?» የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አልጥለውም። ከአዲስ አበባ ስነሣ ከጊዮርጊስ ሌላ ቢራ የማላውቅ ሰው ነበርሁ፤ ሰው በበርሜል ሦስት ዓመት የሚጠብቀው መጠጥ እንዳለ ማወቄ አልጎዳኝም። መቅመስ ይገባል። ጥያቄው መቅመሱን ማን ይክፈልለት፣ እስከ ስንትስ ይክፈል ነው።

የኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የኅብረቱ ሣጥን ለመጠጥ አይከፈት። ከአባሎቻችን ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ጴንጤዎች አሉ፤ ጾም የያዙ አሉ፤ ዝም ብሎ የማይወድም አለ። የእነርሱ መዋጮ የኛን ብርጭቆ ሊሞላ አይገባም፤ እስከ ዛሬ ዝም ያሉት ይሉኝታ ይዟቸው እንጂ ተስማምተው አይመስለኝም። ምግቡ፣ ለስላሳው፣ ቡናው ከሣጥን ይሁን። ጠጪዎች ለብቻችን እናዋጣ፤ መዋጮውም አስቀድሞ፣ በዓሉ ሳይደርስ፣ በድብቅ ፖስታ ለገንዘብ ያዡ ይሰጥ እንጂ በገበታ ላይ አይጠየቅ። ያልሰጠም ይጠጣ፤ ማን እንዳልሰጠ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ።

ስለ ዋጋው፣ አንዱን ትልቅ ጠርሙስ ለአራት ብንካፈል ለእያንዳንዱ 187 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ አንድ ደህና ብርጭቆ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ከ4 ዶላር በላይ አልከፍልም፤ 4 ዶላር የአንድ ቀን ምሳዬ ነው፣ ከምሳ የሚበልጥ ቢራ ገና አላገኘሁም። ስለዚህ ጣሪያው 16 ዶላር ነው። በትንሽ ጠርሙስም የሚሸጥ ከሆነ ከ2.27 እጥፉ ብዙ የማይርቅ ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ከጣሪያው የሚያልፍ ጎዝ ብንገዛ አልቃወምም፤ ግን መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ ለሰዉ ይነገር፣ በትንሽ በትንሹ ይቀዳ፣ የማይወደው ብርጭቆውን ለሚወደው ያሳልፍ እንጂ ወደ ማጠቢያ አይድፋ። በስጦታ ይዞ የሚመጣ ካለ ዋጋውን ከጠርሙሱ ላይ ልጦ ይምጣ።

16 ይበዛል የሚል ይኖራል፤ ያንሳል የሚልም እንዳለ ሰምቻለሁ። ቁጥሩ ላይ እንከራከር፤ ግን ያ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባለበት ይሁን። በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲመጣ ራሴ ሄጄ ለምኜዋለሁ፤ «አያለሁ» ብሎኛል። ለገና መጠጥ የኔ 4 ዶላር በፖስታ ተደርጎ ከትናንት ወዲያ ለገንዘብ ያዡ ደርሷል። ጠላውን እኅታችን ልትጠምቅ ቃል ገብታለች፤ ለጌሾው ማስመጫ ብቻ ነው የምትፈልገው።