አጭር መንገድ ሁሉ የሚመረጥ መንገድ አይደለም

ዕቃውን ከወደብ ወደ መጋዘን የሚያስመጣ ነጋዴ፥ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ የሚመረጠው መንገድ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ከርቀቱ አስቀድሞ የሚታሰበው ከአጓጓዡ ጋር ያለው ውል፥ የኪራዩ ዋጋና የባለመኪናው ታማኝነት ነው። በኢንተርኔት የሚላከው የባንክ ሰነድና የዋጋ ማቅረቢያም የሚጓዘው በዚሁ ዓይነት ሥርዓት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ኢንተርኔት አንድ ባለቤት ያለው አንድ መረብ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ከ70,000 የሚበልጡ ኔትዎርኮች የተገናኙበት ነው። እነዚህም መንገድ የሚጠቋቆሙበት ደንብ ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አንዱ ኔትዎርክ ለጎረቤቱ «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» ብሎ ሲያስታውቅ፥ የመንገዱን መግለጫዎች አያይዞ ይልካል። ከነዚህ አንዱ መንገዱ የሚያልፍባቸው ኔትዎርኮች ዝርዝር ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሲሆን ዝርዝሩ ያጠረው ይመረጣል። ሁለት ኔትዎርኮች ከአንድ በላይ በሆነ በር ሲገናኙም፥ በየትኛው መግባት እንደሚሻል የሚያመለክት ቁጥር አለ።

ይሁን እንጂ ከሁለቱም የሚቀድም አለ፤ ይኸውም ተቀባዩ ኔትዎርክ በራሱ ቤት ለመንገዱ የሚሰጠው የምርጫ ማዕረግ ነው። ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ገንዘብ ነው። ኩባንያው ሒሳብ ከሚከፍለው ደንበኛ የመጣውን መንገድ ያስቀድማል፤ ያለ ክፍያ ከሚለዋወጠው ጎረቤት የመጣውን ያስከትላል፤ ራሱ ከሚከፍልበት የመጣውን መጨረሻ ያደርጋል። ስለዚህ ረጅሙ መንገድ አጭሩን የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ።

ደንቡ የቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ የአስታዋቂውን ቃል እውነትነት በራሱ አይመረምርም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው ማስታወቂያ ከአገር አምልጦ ወጣ። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ይልቅ ጠበብ ያለ የአድራሻ ክልል የሚጠራ ስለ ነበረ፥ ጠበብ ያለውም ከመግለጫዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚመረጥ ስለ ሆነ፥ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ተቋረጠ። ሁለት ሰዓት ለተመልካች አጭር ነው፤ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ጊዜ በዚያው ቀን ለሚያልቅበት ላኪ ግን ክፍያውን ሊያስቀርበት ይችላል።

ዛሬ አር.ፒ.ኬ.አይ. የተባለው ማረጋገጫ፥ አድራሻውን ለማስታወቅ የተፈቀደለት የትኛው ኔትዎርክ እንደ ሆነ ይመሰክራል። የሚጠቅመው ግን ተቀባዩ ሲመረምረው ነው።

እንግዲህ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም የኢንተርኔት ውል ሲፈራረም ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ መጠየቁ አይበቃም። ኩባንያው ወደ ውጭ የሚወጣው በስንት በር ነው? አንዱ ቢዘጋ በየትኛው ይዞራል? የሚቀበለውን ማስታወቂያስ ይመረምራልን? ከሁለት ኩባንያ ሁለት መስመር የገዛ ነጋዴም፥ ሁለቱ በአንድ አሻጋሪ የሚወጡ ከሆነ ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ መክፈሉ ነው። መልሱ በቃል ሳይቀር በውሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል።