የፋይናንስ ኢኮኖሚክስና የገበሬው ጥሪት

ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄደው ወጣት ለመጀመሪያ ዲግሪው የፋይናንስ ኢኮኖሚክስን ቢመርጥ፥ ወላጆቹ ትምህርቱን የባንክ ቤት ወንበር ማግኛ ብቻ አድርገው እንዳይገምቱት እንመክራለን። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ከወጣ፥ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ የአክሲዮንን ዋጋ የሚመረምር፥ የወለድን ምጣኔና የኪሣራን ሥጋት አስቀድሞ የሚያሰላ ሊቅ ለአገራችን እጅግ ያስፈልጋል። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የሕዝብ ብልጽግና ያለ ዕውቀት እንደማይጸና ካስተማሩ መቶ ዓመት አልፏል። ስለዚህ መምህራን ሒሳብንና ስታቲስቲክስን አጽንተው ያስተምሩ፤ ተማሪውም ጤፉን በመኸር አርክሶ የሚሸጠው ገበሬ ብድርና ቁጠባ በጊዜው የሚያገኝበትን ሥርዓት ለማቆም ይትጋ፤ ጥበብ ፍጽምት የምትሆነው ለብዙኃን ስትተርፍ ነውና።