ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድ መስጠት፦ በፋይዳ መግቢያ የተቋማት ኃላፊነት

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ተገልጋይን በአካል ከመለየት ባሻገር ለኦንላይን አገልግሎቶች መግቢያነት በመዋል ላይ ይገኛል። በዚህ አሠራር ተገልጋዩ ለየተቋሙ የተለያየ የይለፍ ቃል መያዝ አይጠበቅበትም። ወደ ፋይዳ የመግቢያ ገጽ ተመርቶ፣ ባስመዘገበው ስልክ በሚደርሰው የአንድ ጊዜ የሚስጥር ቁጥር ወይም በባዮሜትሪክ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ሲስማማም አስፈላጊው መረጃ ለተቋሙ ይተላለፋል።

የአሠራሩ ዋነኛ ጠቀሜታ ተቋማትን የይለፍ ቃል ከማከማቸት ሥጋት መገላገሉ ነው፤ ያልተከማቸ የይለፍ ቃል ከተቋሙ ሊሰረቅ አይችልምና። ይሁን እንጂ ማንነትን የማረጋገጥ ሥራ ለሌላ አካል ሲሰጥ ኃላፊነቱ ሁሉ አብሮ አይተላለፍም።

ፋይዳ የሚመልሰው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ምን እንዲያይ፣ ምንስ እንዲያጸድቅ ተፈቅዶለታል?» ለሚለው ምላሽ የሚሰጠው ተቋሙ ራሱ ነው። ለአብነት አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ቢዛወር ማንነቱ አይለወጥም፤ መግቢያውም እንደቀድሞው ይቀበለዋል። ተቋሙ የቀድሞ ፈቃዱን በወቅቱ ካላነሳ ግን ሠራተኛው ከእንግዲህ የማይመለከተውን የዜጎች ፋይል መክፈት ይችላል። ክፍተቱም የመግቢያው ሳይሆን የተቋሙ ነው።

ስለሆነም ተቋማት አራት ተግባራትን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ የሚደርሳቸው የማረጋገጫ መልእክት ከትክክለኛው ምንጭ የተላከና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን በየጊዜው ማጣራት፤ ሁለተኛ፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መርህ መሠረት ለአገልግሎቱ የሚያስፈልገውን መረጃ ብቻ መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ የሠራተኞችን ፈቃድ ከሥራ ድርሻቸው ጋር ማስተሳሰርና ማን፣ መቼ፣ ምን እንደተመለከተ መመዝገብ፤ አራተኛ፣ ሥርዓቱ ሲቋረጥ ወይም ተገልጋዩ ስልክ በማይኖረው ጊዜ አማራጭ የአገልግሎት መንገድ ማዘጋጀት ናቸው።

ተገልጋዮችም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። አንድ መግቢያ ብዙ አገልግሎቶችን በሚከፍትበት ጊዜ የአንድ ጊዜ የሚስጥር ቁጥርን ለሌላ ሰው መንገር የብዙ በሮችን ቁልፍ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል። በመሆኑም ጠያቂው የተቋም ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ ቁጥሩ ሊነገረው አይገባም፤ ሲም ካርድ ሲጠፋም ሳይዘገዩ ማዘጋት ያስፈልጋል።