«ድርቁ እንኳ አልፏል»

ሰሞኑን ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ሆቴል፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ሕፃናት ጤና በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ተናጋሪ የ2008ቱን የኤልኒኞ ድርቅ በሁለት ስላይድ ጨርሰው «እሱ እንኳ አልፏል» አሉና ወደሚቀጥለው ርዕስ ሄዱ። ለሻይ ዕረፍት እንደወጣሁ ቀረሁ።

የተናደድኩት በ«አልፏል» ነው። ዝናብ ሲመለስ ጋዜጠኛው ካሜራውን ይሰበስባል፣ የእርዳታ መኪናውም ይቆማል። ልጁ ግን ያንን ዓመት በአጥንቱ ይዞ ያድጋል።

ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የ1977ቱ ረሃብ ሲበረታ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ የገጠር ልጆችን ካደጉ በኋላ አጥንተዋቸዋል። ያንኑ ረሃብ በዕድሜ ከፍ ብለው ካሳለፉት ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር ያጥራሉ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነው።

እኛ ሰፈር አንድ ጥበቃ አለ፤ የወሎ ሰው፣ በሰባ አምስት የተወለደ። አዲስ ካፖርት በተሰጠው ቁጥር እጅጌው ጣቶቹን ይውጣቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ሊጠይቀው መጥቶ አይቼዋለሁ፤ ዘንካታ ነው። «ሰባ ሰባት የመጣው እኔ ጡት ስጥል ነው፣ ጋሼ» አለኝ፣ በሩን እየከፈተ። የአንድ ሰው ቁመት ማስረጃ አይሆንም ትሉኛላችሁ። አይሆንም። ጥናቱን ያነበብኩት ግን በእሱ ምክንያት ነው።

«ማጠር ምን አለበት፣ ጃንሆይስ መቼ ረጅም ነበሩ?» የሚልም አይጠፋም። የራስ መኮንን ልጅ ቢያጥር በተፈጥሮው ነው፤ የገበሬ ልጅ ከገዛ ወንድሙ ሲያንስ ግን ጎተራውን መጠየቅ ይሻላል።

ረሃብ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። በ1992 ጎዴ ላይ በርካታ ሕፃናትን የጨረሰው ከክሳቱ ጋር የገባው ኩፍኝ ነው። ክሳቱን ለመለየት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ይወድቃል። በኦቾሎኒ የተሠራው ፕላምፒ ነት በወቅቱ ከደረሰለት በጥቂት ሳምንታት ሥጋ ይለብሳል። የቀረበት ቁመት ግን በአብዛኛው እንደቀረ ነው። ተናጋሪያችን የተመለሰውን ክብደት አይተው ይሆናል «አልፏል» ያሉት።

ሐምሌ 2007 ዓለም ስለ ልማት ገንዘብ ሊነጋገር አዲስ አበባ ሲሰበሰብ፣ መንግሥታችን የሰቆጣን ቃል ኪዳን አሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨር እንዳይኖር። በዚያው ክረምት ዝናቡ ቀረ። በ2008 የምግብ እርዳታ የሚሻው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ያኔ ጡት የጣለው ልጅ ዛሬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መሆን ነበረበት።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ ተሻሽለናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 37 በመቶ ሆነዋል። ግን ሚያዝያ 2017 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረው የ650,000 ሴቶችና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና ሊያቋርጥ መሆኑን ተናገረ። ያ ወሬ ካዛንቺስ አዳራሾች ውስጥ ስንት ደቂቃ ተሰጠው? እ.ኤ.አ. በ2027 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባኤ የምናስተናግደው እኛ ነን። ባነሩ ላይ የሚለጠፈው የሕፃን ፎቶ ከወዲሁ ይታየኛል።

የጥበቃውን እጅጌ ያሳጥሩለት የነበሩት ልብስ ሰፊ ሱቃቸው ካዛንቺስ ነበር፣ ከነሲንገራቸው። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከተነሺዎቹ ጋር ወደ ዳር ወጡ። መንገዱ አምሯል፣ አልክድም። እጅጌ የሚያሳጥር ግን ፈልጌ አጣሁ። ቡቲኮቹ «አንሠራም» ይላሉ። እኚያን ልብስ ሰፊ የት እንደገቡ የምታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የዘንድሮው ካፖርት ተሰጥቷል፣ ልኩንም የጠየቀው የለም።