የነብሩ መመለስ የገበሬው ጉዳይ ነው



ስለ ብርቅዬ አዳኝ አራዊት በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ቱሪስትና ስለ ዶላር ነው። እኔ የአምቦ ነዋሪ ነኝ። በምዕራብ ሸዋ ጫካዎች ነብር ተመልሶ ቢበዛ ከማንም በፊት የሚጠቀመው ገበሬው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በቆሎ እሸት በሚይዝበት ወቅት ከጉደር ወደ ጌዶ የሚሄድ ሰው ማሳ ውስጥ ማማ ላይ የተቀመጡ ልጆች ያያል። ወንጭፍ ይዘው፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ዝንጀሮ ደግሞ ብልህ ነው። አንዱ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ሆኖ ሲቃኝ መንጋው እሸቱን ይቀነጥባል፤ አንዱን ነክሶ ይጥላል፣ ሌላውን ታቅፎ ይሮጣል። ጠባቂው ትንሽ ልጅ መሆኑን ካየ ከቁብም አይቆጥረው። ሲመሽ ተራው የአባትየው ይሆናል፤ ለዱር አሳማና ለጃርት ሲል እሳት አንድዶ እዚያው ያድራል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ከክፍል የሚቀሩት እነዚሁ የማማ ልጆች ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በጋና በጥብቅ ሥፍራዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2004 በተካሄደ የእንስሳት ቆጠራ፣ አንበሳና ነብር በጠፉባቸው ቦታዎች ዝንጀሮ እየበዛና እየተስፋፋ መሄዱ ታይቷል። እዚያም ማሳ ለመጠበቅ ሲሉ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ነብር ዝንጀሮን በልቶ አይጨርስም፤ ግን ነብር ባለበት አገር ዝንጀሮ እንዳሻው ከገደሉ ርቆ አይወርድም፣ ሲመሽም ማሳ ውስጥ አይዘገይም። ያንን ፍርሃት በወንጭፍ መተካት አልተቻለም።

ሁለተኛው ነገር የውሻ ጉዳይ ነው። በሕንዷ ሙምባይ ከተማ ውስጥ ባለው ሳንጃይ ጋንዲ ፓርክ ዙሪያ የሚኖሩ ነብሮች ዋና ምግባቸው ባለቤት አልባ ውሻ ነው። ተመራማሪዎች ይህ በከተማዋ በውሻ የሚነከሰውን ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ገምተዋል። በየከተሞቻችን ቄራ ዙሪያ የሚርመሰመሰውን ውሻ ላየ ነገሩ ግልጽ ነው። ውሻ በንክሻው የሚያስተላልፈው የእብድ ውሻ በሽታም ሰው ብቻ አይደለም የሚገድለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን እንስሳ ማለት ነው።

«ፍየሌን ለበላ አውሬ ልቆረቆር?» የሚለኝ ገበሬ አለ። እውነቱን ነው። ለእሱ ፍየል ማለት የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የክፉ ቀን ተቀማጭ ነው። ነብር ይመለስ እያልን ጉዳቱን ብቻውን እንዲሸከም ከተውነው በመርዝ የተነከረ ሥጋ ቢጥል ልንወቅሰው አይገባም። መርዙ ደግሞ ነብሩን ብቻ ገድሎ አያበቃም፤ ጅቡንም፣ አሞራውንም፣ የጎረቤቱንም ውሻ ይጨርሳል።

ሩዋንዳ ከእኛ ይልቅ መሬት የጠበባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ ከስደት የተመለሱ ከብት አርቢዎች በአካጌራ ፓርክ የነበሩትን አንበሶች በመርዝ ጨረሷቸው። በ2015 ከደቡብ አፍሪካ ሰባት አንበሶች መጥተው ተለቀቁ፤ ተዋልደውም በዝተዋል። ከዚያ በፊት ግን ፓርኩ ታጥሯል፣ ጥበቃው ተጠናክሯል፣ የሚታደነውም እንስሳ ነበር። በእኛ ዞን አንበሳ ይለቀቅ አልልም፤ የሚበቃው መሬት የለንም። ሆለታ አጠገብ ያለውን፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ድርጅት ማቆያ የሆነውን «እንስሳ ኮቴ» የጎበኘ ሰው ሌላም ምክንያት ያያል። በሰው እጅ ያደጉ አንበሶች፣ ከሕገወጥ ነጋዴ የተነጠቁ አቦ ሸማኔዎች እዚያ በእንክብካቤ ይኖራሉ። ሰው ያሳደገው አንበሳ ማደን አልተማረም፣ ሰውም አይፈራም፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ልልቀቅህ አይባልም። አውሬውን ከዱር ሳይወጣ ማቆየት ከሁሉም ይረክሳል።

ነብር ግን በጥቂት ጫካ መኖር ይችላል፤ በመኪና አምጡልኝም አይልም። የሚፈልገው መሸሸጊያና የሚታደን ነገር ነው። መናገሻ ሱባ ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ የሚነገርለት ጥድ አለው፤ ድኩላና ጉሬዛም አለው። ጊንጪ አጠገብ ያለው ጭሊሞ እጅግ ቢመናመንም፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተጀመረ ወዲህ ደን ተጠቃሚ ማኅበራት የተደራጁበት ነው። ደኑን እየጠበቁ ያሉ ሰዎች ድኩላውንና ሚዳቋውንም ከወጥመድ ቢጠብቁ ነብሩ የሚበላው አያጣም፤ የሚታደነው ከጫካ ካልጠፋ በረት ሰብሮ የሚገባበትም ምክንያት ይቀንሳል።

ስለዚህ የዞኑ አስተዳደርና የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። በጭሊሞና በጅባት ደኖች ዙሪያ ለሚኖሩ አርሶ አደሮች ጣሪያ ያለው የሌሊት በረት መሥሪያ እንጨትና ሽቦ ይስጧቸው፤ ነብር አጥር ዘሎ ስለሚገባ የእሾህ አጥር ብቻውን አያስጥልም። ፍየሉ የተበላበት ሰው ደግሞ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አይቶ ባረጋገጠለት ሰሞን፣ ገበያ ሳያልፈው ካሣው ይከፈለው። አምቦ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በሁለቱ ጫካዎች አሰማርቶ ካሜራ ይትከል፤ ምን ያህል ነብር እንደቀረን ታውቆ ካሣውም በጀት ይያዝለት።


አንድ አንባቢ፣ ከአምቦ