አንድ የኮንትሮባንድ እንስሳ ስንት በር ይዘጋል?

የምሥራቅ እስያ አገሮች በንግድ እንዴት እንዳደጉ ሲነገር የሚጠቀሱት መርከብ፣ መኪናና ቴሌቪዥን ናቸው። የቁም እንስሳ ነጋዴን ይበልጥ የሚመለከተው ግን የታይዋን አሳማ ታሪክ ነው። አሳማ በአፍሪካ ቀንድ የድንበር ገበያዎች አይነዳም። በታይዋን የሆነው ነገር ግን ለግመል፣ ለበግና ለሰንጋ ነጋዴ እንግዳ አይደለም።

ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1950ዎቹ ታይዋን ወደ ውጭ የምትልከው በዋናነት ስኳርና ሩዝ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ1960ዎቹ ዊግ፣ ኮምፔንሳቶና ጨርቅ ትሸጥ ነበር። የኮሪያ የወጪ ንግድ በ1964 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1977 ደግሞ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ብዙዎች ምክንያቱ ርካሽ ጉልበት ነው ይላሉ። ርካሽ ጉልበት ግን ያኔም በብዙ አገር ነበር። ልዩነቱ የገዢውን መስፈርት እንደ ሕግ መያዛቸው ነው። የኮሪያ መንግሥት ብድር ሲሰጥ ላኪው በውጭ ገበያ ያስመዘገበውን ውጤት ይመለከት ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃም ከመጫኑ በፊት የሚመረመርበት ሥርዓት ተዘረጋ።

ታይዋን የአሳማ ሥጋዋን ወደ ጃፓን ያስገባችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጃፓን ከውጭ ከምትገዛው የአሳማ ሥጋ 40 በመቶ ያህሉ የታይዋን ነበር። በመጋቢት 1997 ግን ከ60 ዓመታት በላይ በደሴቷ ያልታየው አፍተግር ገባ። ወደ ጃፓን የሚሄደው ሥጋ ወዲያው ቆመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም 4 ሚሊዮን ያህል አሳማ እንዲወገድ ተደረገ። በመነሻነት የተጠረጠረው ከባሕር ማዶ በኮንትሮባንድ የገባ እንስሳ ወይም ሥጋ ነው። ታይዋን ያለ ክትባት ከአፍተግር ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት በ2020 ነው፤ ከ23 ዓመታት በኋላ። ወደ ጃፓን ገበያ የምትልከው ደቡብ ኮሪያም በ2000 አፍተግር ሲገኝባት በሩ ተዘጋባት።

ታይዋን እንደ አገር አልወደቀችም፤ የምትሸጠው ኤሌክትሮኒክስ ነበራት። የወደቀው አርቢው፣ መኖ ሻጩና የቄራ ሠራተኛው ነው። ከበርበራና ከጅቡቲ ወደቦች ጀርባ ያለው አርብቶ አደር ግን የሚተካው ኤሌክትሮኒክስ የለውም።

የአፍሪካ ቀንድ ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በኬንያና በሶማሊያ ከተቀሰቀሰ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 ገበያዋን ዘጋች። በሽታው በራሷና በየመን ሲገኝ በ2000 እንደገና ዘጋች፤ ለሶማሊያ እንስሳት እገዳው እስከ 2009 ዘለቀ። የታመመ እንስሳ ያልነካው ነጋዴም፣ የነካውም እኩል ከሰሩ።

ነጋዴው ለምን በጎን መንገድ እንደሚነዳ ግልጽ ነው። በማቆያ ጣቢያ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን የመኖና የውሃ ወጪ አለው፤ እንስሳው ይከሳል፤ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ያዞራል። ቅሬታው እውነት ነው። ሒሳቡ ግን የተሳሳተ ነው፤ ከጎን መንገድ የሚተርፈው ገንዘብ የአንድ ሰው ሲሆን በሩ ሲዘጋ ኪሳራው የሁሉም ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን ድርሻ አለው። መንግሥታት ሕጋዊው መንገድ ከኮንትሮባንዱ የሚረክስበትን አሠራር ማምጣት አለባቸው፤ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ቀላል ፈቃድና ድንበሩ ላይ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ከዚያ ይጀምራሉ። በሽታ ያሳወቀ አርቢም ካሳ ማግኘት አለበት፤ መንጋውን ብቻ የሚቀማ ከሆነ ሁለተኛ አያሳውቅም። የነጋዴ ማኅበራት ደግሞ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ ክትባቱ ያልተረጋገጠ እንስሳ ከአባሎቻቸው መንጋ ጋር እንዳይቀላቀል ራሳቸው ሊከለክሉ ይገባል። ይህን ተቆጣጣሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በበረቱ በር ላይ የቆመው ደላላና ነጋዴ ከማንም ቀድሞ ያያል።

ምሥራቅ እስያን ያሳደገው ገዢው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ማድረጋቸው ነው። ለቁም እንስሳ ነጋዴ የገዢው እምነት ያለው በጤና ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሐሰት ከሆነ ግን የሚዘጋው የሁሉም በር ነው።