ግልጽ አንደበትና የመራጩ ሚዛን

ምርጫ በመጣ ቁጥር በዲላ ሻይ ቤቶች፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ የገበያ ቀን፣ በግቢያችን የመኝታ ክፍሎችም ሳይቀር አንድ ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ስለ ፓርቲዎች መርሐ ግብር ሳይሆን ስለ ሰው ነው። አንዱ፣ «ይህ ሰው አይፈራም፤ በልቡ ያለውን በአፉ ይናገራል፤ የማንም ሎሌ አይደለም፤ እርሱን እንምረጥ» ይላል። ሌላው፣ «መናገሩንስ ይናገር፤ ከጎኑ ማን አለው? ብቻውን ገብቶ ምን ያመጣልናል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የእውነት ቁራሽ ይዘዋል። ሁለቱም ግን ሰውየውን መዝነው አልጨረሱም ብለን እናምናለን።

ነገሩ ለእኛ አካባቢ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተደረገው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ በኋላ፣ ምርጫ ቦርድ በሐምሌ ወር ውጤቱን ሲገልጥ ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ አግኝቶ ነበር። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የግል ዕጩዎች 4 አገኙ። የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ደግሞ 2 አገኘ። በመላ አገሪቱ ስማቸው የተሰማ ስንት ፓርቲዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ የአንድ ዞን ትንሽ ድርጅት ሁለት እንደራሴዎች ወደ አዲስ አበባ ላከ። እንግዲህ የጌዴኦ መራጭ «ትልቁን ተከተል» የሚለውን ምክር ሁልጊዜ አይሰማም ማለት ነው። ይህን ስንል የማንንም ፓርቲ ዓላማ ለመደገፍ ወይም ለመንቀፍ አይደለም። መራጩ ከወንዙ በተቃራኒ የሚዋኝን ሰው በምን መለኪያ ሊመዝነው እንደሚገባ ለመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ የእኛን ምርጫ ከሌላው አገር የሚለየውን አንድ ነገር እናስተውል። በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው የየፓርቲው መራጮች ራሳቸው በቅድመ ምርጫ ያጩታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዶናልድ ትራምፕ፣ ከዚያ በፊት በመንግሥት ሹመትም ሆነ በጦር ሠራዊት አገልግለው የማያውቁ ነጋዴ፣ የፓርቲያቸውን ታላላቆች አልፈው ለመታጨት የቻሉት በዚህ በር ገብተው ነው። በእኛ አገር ይህ በር የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ለምክር ቤቱ የሚወዳደረውን ሰው እንኳ ፓርቲው በራሱ ጉባኤ ወስኖ ያቀርብልናል። ሕዝቡ የሚጠየቀው ወጡ ተሠርቶ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ጨው በዛ አነሰ ከማለት በቀር ሽንኩርቱ ሲከተፍ አልነበረም። ከፓርቲ ውጭ የመጣ ወይም ከትንሽ ድርጅት የተነሣ ዕጩ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ትልቁ ፓርቲ ዘግቶ በመከረበት ክፍል ውስጥ ያላለፈ እርሱ ብቻ ነውና።

ድሮስ? በ1950 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጡ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም በግሉ ይወዳደር ነበር። ዳሩ ግን ዕጩ የሚሆን ሰው በምርጫ አውራጃው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን በጌዴኦ ቡና ለቅሞ የባለመሬት ድርሻ የሚያስረክበው ጭሰኛ ይህን ከየት ያመጣል? ብዙም ሳይቆይ በ1952 ዓ.ም. ገበሬው ተነሥቶ ሚጭሌ ላይ ደም ፈሰሰ። የምክር ቤቱ ደጅ ለጭሰኛ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብለን ለመማል አንችልም። ነገር ግን በደሉን በግልጽ የሚናገርለት እንደራሴ ያልነበረው ሕዝብ ብሶቱን በጦር ለመናገር እንደ ተገደደ ማንም አይክድም።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን መልስ አለው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከገዢው ግንባር ተለይተው በ1997 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ወደ ፖለቲካ መመለሳቸው የቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚያገኘውን ጥቅም እንደሚያሳጣቸው እያወቁ ያደረጉት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ሲያዙ፣ የቀሩት ሁለቱ የአንድ ተቃዋሚና የአንድ የግል ተመራጭ ነበሩ። ተቃዋሚው አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ፣ የግሉ ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ከቦንጋ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. እነዚህ ሁለት ወንበሮችም ጠፉ፤ ምክር ቤቱ በሙሉ የአንድ ወገን ሆነ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንድ ድምፅ ሕግ አያስወጣም፤ በጀትም አያዛውርም። ዶክተር ነጋሶም ቢሆኑ በኋላ ወደ አንድነት ፓርቲ ገብተው ሊቀ መንበሩ ሆነዋል፤ ብቻ መቆም ወሰን እንዳለው ከእርሳቸው የበለጠ የሚመሰክር የለም። በሌላ በኩል ያ አንድ ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አይተናል። ምክር ቤቱ በአንድ ቃል «ተስማምተናል» ባለ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሪቱ በተቃውሞ ተናጠች። በምክር ቤት ያልተነገረ ነገር በመንገድ ተነገረ።

እንግዲያስ ግልጽ ተናጋሪውን ሁሉ እንምረጥ? እንዲህ አንልም። ግልጽ አነጋገር ጸባይ እንጂ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቱኒዚያ ሕዝብ በፓርቲዎች መታከቱን ለማሳየት ፓርቲ የሌላቸውን የሕግ መምህር ካይስ ሰዒድን በከፍተኛ ድምፅ ፕሬዚዳንት አደረገ። በ2021 ግን እኚሁ ሰው ምክር ቤቱን አገዱ። ሕዝቡ ንጹሕነታቸውን አይቶ መረጣቸው፤ ሥልጣናቸውን የሚገታው ምን እንደሆነ ግን ብዙ አልጠየቀም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆኑ። በእንዲህ ያለ አገር «ፊት ለፊት እናገራለሁ» የሚል ዕጩ ስለ ጎረቤቱ ሕዝብ የሚናገራት አንዲት ቃል የእሳት ክብሪት ልትሆን ትችላለች። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህ ነው። ባለሥልጣንን ፊት ለፊት መውቀስ ድፍረት ነው። በመድረኩ ላይ ያልተገኘና መልስ ሊሰጥ የማይችል ጎረቤትን መስደብ ግን ድፍረት አይባልም፤ ጭብጨባ መሸመት ነው። መራጩ እነዚህን ሁለቱን ይለይ።

ሌላ መለኪያ እንጨምር፤ ቡና። «ላባችሁን እየተበላችሁ ነው» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን ለመፈልፈያው በሚሸጥበት ዋጋና ይርጋ ጨፌ በሚል ስም ባሕር ማዶ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት የማያውቅ የለም። ነገር ግን የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ይወሰናል። በአገር ውስጥም ማኅበራት፣ አቅራቢዎች፣ ላኪዎችና ምርት ገበያው በመካከል አሉ። ዕጩው ከእነዚህ የትኛውን፣ በየትኛው ሕግ፣ እንዴት ለመለወጥ ያስባል? ይህን ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ጩኸቱን እንጂ ሐሳቡን አልሰጠንም። «ይህን አላውቅም፤ አጥንቼ እመለሳለሁ» ቢል ግን እውነተኛው ግልጽ ሰው እርሱ ነው፤ ከመቶ የምርጫ ቃል ኪዳን ይህች አንዲት መልስ ትበልጥብናለች።

«ተቃዋሚ ከመረጥን መንገድና ውኃ ይቀርብናል» የሚለውንም ሥጋት አንንቀውም። የሚናገሩት ሞኞች አይደሉም፤ ከኑሮ የተማሩት ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነ፣ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው እንደሆነ ይደነግጋል። መንገድ ከግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ ለታማኝ መራጭ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ሕዝብ ይህን ካልጠየቀ፣ ዕጩ ማለት የውኃ ቧንቧ ቃል የሚገባ ደላላ ሆኖ ይቀራል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከውክልናው ለማንሳት እንደሚችልም ተጽፏል፤ ይህ ለገዢው ፓርቲም፣ ለተቃዋሚውም፣ ለግሉም ዕጩ እኩል የሚሠራ ነው።

እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አገራችን ቅድመ ምርጫ ከሌላት የምንቀመጥበት አካባቢ ከዚያ የቀደመ ልማድ አለው። በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ የሕዝብ ነገርም በሶንጎ ተቀምጦ ይመከርበታል። በሶንጎ የሚናገር ሰው ከንግግሩ በኋላ ተነሥቶ አይሄድም፤ የተናገረውን ይጠየቅበታል። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ምርጫ በፊት የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ዕጩዎችን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በአንድ አዳራሽ ቢጠራ ምን ይከለክላል? ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ ስለ ቡና፣ ስለ መሬት ጥበት፣ ስለ ተመራቂ ሥራ አጦች፣ ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ስለ መኖር። መልሳቸው በጌዴኦ ቋንቋና በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። ከዓመት በኋላም ያሸነፈው ተመልሶ በዚያው አዳራሽ የተናገረውን ይጠየቅበት። የተከበሩ መምህራኖቻችንም ጥያቄዎቹን በማዘጋጀት ቢረዱን የማንም ወገን ናችሁ አይባሉም።

ይህ ከተደረገ ግልጽ ተናጋሪው ዕጩ የሚፈራው ነገር የለውም፤ ግልጽነቱ ይፈተናል እንጂ። ከትልቁ ፓርቲ የመጣውም ሰው ከጓዳ ወጥቶ በራሱ አንደበት ለመናገር ይገደዳል፤ ምናልባትም ከእነርሱ መካከል ያልጠበቅነው ግልጽ ሰው ይገኝ ይሆናል። መራጩም በጭብጨባና በፍርሃት መካከል መዋለሉን ትቶ፣ የሰማውን ከሠሩት ጋር አስተያይቶ ድምፁን ይሰጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሰው የተናገረውን የሚያስታውስና የሚጠይቅ ሕዝብ ሲኖር ግን ቶሎ ይጠራል።

ሐሳባችን ይህ ነው። የተለየ አሳብ ያለው ወንድምም ሆነ እኅት በሚቀጥለው ቅጠል ይጻፍልን።